ምት በጉባኤ፦ የአራዳ ጊዮርጊስ ማኅሌትና የከተማው የከበሮ ትምህርት

አራዳ ጊዮርጊስ ከሚባለው ከመናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ቁልቁል ወደ መርካቶ የሚወርድ መንገደኛ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይን ይሻገራል። ድልድዩ የሚጠራው በ1919 ዓ.ም. ባረፉት የጦር ሚኒስትር በፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም ነው። ከድልድዩ ወዲህ፣ ከካቴድራሉ አጠገብ፣ የቀድሞው የአራዳ ገበያ ነበር፤ ወዲያ ማዶ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገበያውን ያዛወሩበት መርካቶ አለ። እኔን የሚያሳስበኝ በዚህ መንገድ ሽቅብና ቁልቁል የሚሰማው ከበሮ ነው። ላይ፣ በካቴድራሉ ቅኔ ማኅሌት፣ ከበሮ በጉባኤ መካከል ይመታል። ታች፣ ከየሱቁ ድምፅ ማጉያ የሚወጣው ምት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው በኪቦርድ ያቀናበረው ነው። በሁለቱ መካከል የእግር መንገድ ብቻ ቢኖርም ስለ ምት ያላቸው አስተሳሰብ ግን እጅግ የተራራቀ ነው።

የምከራከረው ይህን ነው። ምት የጉባኤ ዕውቀት ነው፤ ሰው የራሱን ድርሻ በትክክል የሚያውቀው የሌሎችን ድርሻ በሰውነቱ ተሸክሞ ሲገኝ ነው። በአገራችን ይህን በሥርዓት ሲያስተምር የኖረው የማኅሌት ሥርዓት የሚማርበት የአቋቋም ጉባኤ ቤት ነው። ዘመናዊው የሙዚቃ ትምህርታችን ከዚህ ቤት ዜማን ለመውሰድ ሞክሯል፤ ምትን የማስተማሪያ ዘዴውን ግን አልወሰደም።

ስለ ከበሮና ስለ ኅብረት የሚጽፍ ሰው በዓለም ላይ መጀመሪያ የሚጠቅሰው ምዕራብ አፍሪካን ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በጋናና በቶጎ በሚኖሩት የኤዌ ሕዝቦች ዘንድ አንድ የከበሮ ጓድ የሚቆመው ጋንኮጉይ በሚባለው የብረት ደወል ላይ ነው። ደወሉ በ12 የተከፈለውን የምት ዙር በ7 ምቶች ይሞላዋል፤ ጨዋታው እስኪያበቃም አይለወጥም። አኻትሴ የሚባለው የቅል ጸናጽል ደወሉን ያጠናክራል። ካጋን የተባለችው ትንሽ ከበሮ በምቶቹ መካከል በቀረው ክፍተት ትገባለች፤ ኪዲና ሶጎ ከዋናው ከበሮ ከአትሲሜቩ ጋር ይመላለሳሉ። አንዱን ድርሻ ነጥሎ ላዳመጠው ሰው ቀላል፣ እንዲያውም የተሰበረ ይመስላል። ሌሎቹ ሲጨመሩበት ግን መልክ ይይዛል። በሰሜን ጋና ከዳጎምባ ከበሮ መቺዎች ዘንድ የተማረው ጆን ሚለር ቼርኖፍ በ1979 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ትልቁ ቁም ነገርም ይኸው ነው፤ አንድ ምት ምን እንደሆነ የሚወስነው ከጎኑ ያለው ሌላው ምት ነው።

ሆኖም ይህ ዕውቀት ወደ ምሁራን መድረክ ሲገባ አንድ ችግር ይዞ መጥቷል። ጋናዊው ሊቅ ኮፊ አጋዉ በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት እንደሞገተው፣ «የአፍሪካ ምት» የሚባለው ነገር በአብዛኛው ከውጭ በመጡ ጸሐፊዎች የተፈጠረ ሥዕል ነው። ከጥቂት ሕዝቦች የተወሰደ ልምድ የአህጉሩ ሁሉ ልምድ ሆኖ ቀረበ፤ የምት መደራረብም የአፍሪካዊነት መለኪያ ተደረገ። አጋዉ በዋናነት የሚሟገተው ለምዕራብ አፍሪካ ቢሆንም ክርክሩ ለእኛ በሌላ በኩል ይጠቅመናል። በዚያ መለኪያ ስንለካ የኢትዮጵያ ደጋ ከበሮ «ቀላል» ሆኖ ይገኛል፤ ሁለት ከበሮዎች አንድ ዓይነት ምት ይመታሉ፣ ዜማው በአንድ ድምፅ ይሄዳል፣ መደራረብ የለም ይባላል። እኔ ይህን ፍርድ አልቀበለውም። ፍርዱ የተሳሳተው ጉባኤውን ትቶ ከበሮውን ብቻ ስለቆጠረ ነው።

ስለዚህ ወደ ቅኔ ማኅሌቱ እንግባ። የአራዳ ጊዮርጊስ ታቦት ከዓድዋ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ድሉም የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በቅዱሱ ወርኃዊ በዓል ዕለት ነበር። በስምንት ማዕዘን የታነፀው ካቴድራል ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. የነገሡበት ነው። በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች እጅ ተቃጥሎ ከነጻነት በኋላ ታድሷል። የነገሥታቱን ታሪክ ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም፤ ታሪኩ ሲጻፍ ቀሚስና ካባ ለብሰው በግራና በቀኝ የቆሙት ሊቃውንት ተረስተው ስለሚቀሩ ነው። በእነዚያ በዓላት ሁሉ ሌሊቱን የቆሙት እነርሱ ናቸው።

በማኅሌት መዘምራኑ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ቀኙን ቀኝ ጌታ፣ ግራውን ግራ ጌታ ይመራል፤ መሪጌታው የሁሉም አለቃ ነው። ዜማው ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው ይመላለሳል። መጀመሪያ በቁም ይዜማል፤ ከበሮም ጸናጽልም የለም፣ ድምፅ ብቻ ነው። ቀጥሎ ዝማሜው ይመጣል፤ መቋሚያው ከፍ ዝቅ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሲል ሰውነት የዜማውን ልክ ይይዛል። ከዚያ በኋላ በመረግዱ ከበሮና ጸናጽል በዝግታ ይገባሉ። በጽፋቱ ምቱ ይፈጥናል፤ ወረቡና ቸብቸቦው ሲደርሱ ጭብጨባው፣ እልልታው፣ ጸናጽሉና ከበሮው አንድ ላይ ይሞላሉ። ከበሮው አንዳንድ ጊዜ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ አንዳንድ ጊዜ በጠፍሩ ከአንገት ወርዶ ይመታል፤ መቺዎቹ በሁለቱ ረድፍ መካከል እየተንቀሳቀሱ ያሸበሽባሉ።

ይህን ቅደም ተከተል እንደ ጌጥ ማየት አይገባም። ቅደም ተከተሉ ራሱ የማስተማሪያ ዘዴ ነው። አንድ ቃል መጀመሪያ በጉሮሮ ይገባል፣ ቀጥሎ በእግርና በወገብ፣ ከዚያ በእጅ በተያዘ መቋሚያ፣ በመጨረሻ በከበሮ ቆዳ ላይ። ከበሮውን የሚመታው ሰው ያንኑ ቃል ሦስት ጊዜ በሌላ አካሉ አልፎበታል። ከፊቱ የቆሙት መዘምራንም እንዲሁ። ስለዚህ ከበሮው ሲገባ ለማንም አዲስ ነገር አይነግርም፤ ሁሉም በውስጡ የያዘውን ልክ ወደ ውጭ ያወጣዋል። የኤዌ ጓድ በማይለወጥ ደወል የሚያገኘውን መሠረት ማኅሌቱ በቃል ዜማ ያገኘዋል። እዚያ ደወሉ በብረት ላይ አለ፤ እዚህ በእያንዳንዱ ሰው ደረት ውስጥ አለ። መደራረቡም የተሰወረው እዚሁ ላይ ነው፦ የድምፅ፣ የእግር፣ የመቋሚያ፣ የጸናጽልና የከበሮ ልኮች በአንድ ቃል ላይ ይነባበራሉ። ከበሮውን ብቻ የቀዳ ተመራማሪ ከአምስቱ አንዱን ይዞ ተመለሰ ማለት ነው።

የጉባኤ ቤቱ ሥርዓትም ይህንኑ ያሳያል። ተማሪው ንባብ ዘልቆ፣ ጾመ ድጓና ድጓ ተምሮ ነው ወደ አቋቋም የሚገባው። የአቋቋም ምስክር ዋና ቦታ ጎንደር በአታ ነው፤ ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት ስልቶች ከጎንደር ጋር ይያያዛሉ። ደብረ ታቦር በበኩሏ የተክሌ አቋቋም መዲና ናት። ሊቃውንቱ በቃል እንደሚያወርሱት የዚህን ስልት ዝማሜ የደረሱት በቀልዳቸው ይበልጥ የሚታወቁት አለቃ ገብረ ሐና ናቸው፤ ጎንደር ስላልተቀበላቸው ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ፣ እርሱም በደብረ ታቦር አስፋፋው። ታሪኩ ስለ ኅብረት ትምህርት ትልቅ ነገር ይነግረናል። አንድ ሊቅ የቱንም ያህል ቢራቀቅ ስልቱ ሕይወት የሚያገኘው አብሮት የሚቆም ረድፍ ሲያገኝ ነው። አለቃ ገብረ ሐና ብቻቸውን ያወቁት አቋቋም ገና አቋቋም አልነበረም፤ ደብረ ታቦር ላይ ግራና ቀኝ ሲቆምለት ሆነ።

ዜማችን በድጓው መስመሮች መካከል የሚሰፍር ምልክት አለው፤ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ሥርዓቱን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከነበሩት ከአዛዥ ጌራና ከአዛዥ ራጉኤል ጋር ያያይዘዋል። ምልክቱ ድምፅን ይመራል፤ የእጅን ምት አይዘረዝርም። ከበሮው የሚተላለፈው በማየት፣ በመስማትና አብሮ በመቆም ነው። ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩ አሉ። እኔ ግን በከፊል ብቻ እስማማለሁ፤ በብራና ያልሰፈረ ምት ጉባኤው ሲበተን ይጠፋልና አደጋው እውነት ነው። በሌላ በኩል ያለ ጽሕፈት መኖሩ ማንም ለብቻው እንዳይማረው አስገድዷል።

ስለ ከበሮው በየመጽሔቱ የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ምሳሌው ላይ ይቆማል። ሰፊው አፍ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት፣ ጠፍሮቹ የግርፋቱ ሰንበር፣ የለበሰው ጨርቅ ጌታ የለበሰው ልብስ ምሳሌ መሆኑ ይዘረዘራል። ትርጓሜው ክቡር ነው፤ መምህራኑም በእምነት ያስተምሩታል። ሆኖም ጥናታችን በዚህ ብቻ ረክቶ ስለቀረ፣ ሰፊው አፍ የሚሰጠው ዝቅተኛ ድምፅና ጠባቡ የሚሰጠው ቀጭን ድምፅ በመረግዱና በጽፋቱ ውስጥ እንዴት እንደሚፈራረቁ፣ ተማሪው በየትኛው ቦታ እንደሚሰናከልና መምህሩ በምን እንደሚያርመው የሚገልጽ በአማርኛ የተጻፈ ሥራ ማግኘት ይቸግራል። የማኅሌቱን ከበሮና ሽብሸባ በትኩረት ካጠኑት መካከል ፈረንሳዊቷ አን ዳሞን አለች። ኬይ ካውፍማን ሸለማይና ፒተር ጄፍሪ ያዘጋጁት የዜማ መድበልም በእንግሊዝኛ ወጥቷል። በራሳችን ቋንቋ፣ ለራሳችን ተማሪ፣ ከበሮውን ከእጅ ጀምሮ የሚያስረዳ ሥራ ሊኖረን ይገባ ነበር።

ዛሬ በአዲስ አበባ ከበሮ በኅብረት የሚማረው ወጣት የሚበዛው በአቋቋም ቤት አይደለም፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ነው። የመዝሙር ጥናት ባለበት ምሽት ወንዶችም ሴቶችም ይሰበሰባሉ፤ መጀመሪያ ቃሉን ያጠናሉ፣ ቀጥሎ ጭብጨባውንና ሽብሸባውን፣ በመጨረሻም ከበሮው ይገባል። ቅደም ተከተሉ የማኅሌቱ ቅደም ተከተል መሆኑን ልብ ይሏል። ማንም በመመሪያ ጽፎ ሳይሰጣቸው የጉባኤ ቤቱ ዘዴ ወደ ልጆቹ ተሻግሯል። በማኅሌቱ የማይቆሙት ሴቶች ልጆችም እዚህ ከበሮ ያነሣሉ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በገጠርም ሆነ በከተማ በሠርግና በዓመት በዓል ከበሮና አታሞ ሲመቱ የኖሩት ሴቶች ናቸውና፣ ስለ ኢትዮጵያ ከበሮ ስንጽፍ መሪጌታውን ብቻ ብናነሣ ግማሹን ጉባኤ እናስቀራለን። ሰንበት ትምህርት ቤቱ ሁለቱን ጅረቶች የሚያገናኝ ብቸኛ ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ተመራማሪዎቻችን ግን እስካሁን ብዙም አልገቡበትም።

በአራዳ ዙሪያ ሌላም የኅብረት ትምህርት ገብቷል። በ1916 ዓ.ም. አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከኢየሩሳሌም መጥተው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥቱ የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ሆኑ። ከእነርሱ ጋር የመጣው ዘዴ በወረቀት ላይ የተጻፈ ኖታ ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ወረቀት ያነባል፣ የሁሉንም የሚያውቀው መሪው ነው። ናልባንዲያን ላቀናበረው የያኔው ብሔራዊ መዝሙር ግጥሙን የጻፉት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ነበሩ። ማዕረጋቸው የመጣው ከማኅሌቱ ረድፍ ነው። በአንድ መዝሙር ውስጥ ሁለት የኅብረት ትምህርቶች፣ የረድፉና የወረቀቱ፣ ጎን ለጎን ቆመው ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የተቋማቱ ጉዞ ወደ ወረቀቱ አደላ። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች በዚያው መንገድ ሄዱ። ይህ ስህተት ነበር አልልም፤ የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ የአዲስ አበባ ሙዚቃ ያለ ነሐሱ ጓድ የሚታሰብ አይደለም። ስህተቱ አንዱን ዘዴ ይዞ ሌላውን እንደ ትምህርት አለመቁጠሩ ነው።

በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ መድረኩም እዚሁ ፒያሳ የሆነው ሀገር ፍቅር የተለያየ አገር ተጫዋቾችን ወደ አንድ መድረክ አመጣ። በ1963 እ.ኤ.አ. ደግሞ ግብፃዊው አቀናባሪ ሐሊም ኤል ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ፤ ቆይቶም ተስፋዬ ለማ መርቶታል። በአንድ ላይ ተጫውተው የማያውቁ ማሲንቆ፣ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንት፣ እንቢልታ፣ መለከትና ከበሮ በአንድ መድረክ ተቀመጡ። የዚህ ሙከራ ዋጋ አብሮ የመማርን ችግር በግልጽ ማሳየቱ ነው። የጎንደር ማሲንቆና የሌላ አገር ከበሮ አንድ ላይ እንዲሄዱ ሁለቱም ከለመዱት ጉባኤ ወጥተው ሌላ ጉባኤ መመሥረት ነበረባቸው። ተሳክቶላቸው እንደነበር የቀሩት ቅጂዎች ይመሰክራሉ። ሆኖም በኋላ የተከተሉት ብዙዎቹ የባህል ቡድኖች አሰላለፉን ወስደው ረጅሙን አብሮ የመቀመጥ ጊዜ ተዉት።

ከዚያ የመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። አምሐ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. አምሐ ሪከርድስን ሲጀምር በስቱዲዮ የሚመታው የፈረንጅ ድራም ነበር፤ አንድ ተጫዋች በሁለት እጁና በሁለት እግሩ የጓድን ሥራ ይሠራል። ቺክቺካ የሚባለው የጭፈራ ምት ወደዚያ ተሸጋገረ፤ በጥሩ ተጫዋቾች እጅም ሞገሱን አላጣም። በካሴት ዘመን ኪቦርዱ ሲመጣ ግን ምቱ ከሰው እጅም ወጣ። አንድ ጊዜ የተቀናበረ ዙር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይፈጥንና ሳይዘገይ ይሄዳል። የማኅሌቱ ምት ከመረግድ ወደ ጽፋት የሚያደርገው ጉዞ፣ የሠርግ ከበሮ ጭፈራው ሲሞቅ የሚጨምረው ፍጥነት እዚህ ቦታ የለውም። በትግራይ ጓይላም ከበሮ መቺው ከተጨፋሪው ክብ ጋር አብሮ እየሄደ፣ ጭፈራው ሲደርስ እያከረረ ነው የሚመታው። ዘፋኙ፣ ተጨፋሪውና መቺው እርስ በርስ የሚጠባበቁበት ነገር ሲጠፋ የጠፋው ራሱ ትምህርቱ ነው።

አንዳንድ ወጣት ሙዚቀኞች ይህን ክፍተት ለመሙላት ወደ ምዕራብ አፍሪካው ጀምቤ ያዘነብላሉ። አልነቅፋቸውም። ጀምቤ ከዱንዱን ከበሮዎች ጋር ሲመታ እያንዳንዱ ድርሻ ሌላውን እንዲያዳምጥ ያስገድዳል፤ ለጀማሪም ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ሆኖም ድርሻ በድርሻ መጠላለፍን ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሦስት እንቢልታዎች ጥቂት ጥቂት ድምፅ ብቻ ይዘው እየተቀባበሉ አንድ ዜማ ይሠራሉ። በደራሼ ፊላ ብዙ ሰው እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ በተራው እየነፋ አንድ ሙሉ ሙዚቃ ይወጣል። የዶርዜ ሸማኔዎች ከጋሞ ተራራ ይዘውት የመጡት ባለ ብዙ ድምፅ መዝሙር ሽሮ ሜዳ ላይ ይሰማል፤ ከአራዳ ጊዮርጊስ በታክሲ የሚደረስበት ቦታ ነው። ኢትዮጵያ በምት መደራረብ ድሃ ናት የሚለው ፍርድ የተሰጠው ደጋውን ብቻ፣ እርሱንም በግማሽ ጆሮ በማዳመጥ ነው።

የአቋቋም ቤቱን ሳወድስ ችግሮቹን መሸፈን አልፈልግም። ትምህርቱ ረጅም ነው፣ ተማሪው በቁራሽ የሚኖርበት ዘመንም አላበቃም። ለምእመኑ ልጅ እንኳ በሩ ጠባብ ነው። የቅዱስ ሥርዓት አካል በመሆኑም ማንኛውም ዓለማዊ ተቋም እንደፈለገ አንሥቶ ሊወስደው አይገባም፤ ወረብ በሆቴል መድረክ ሲቀርብ ሊቃውንቱ የሚቆጡት ትክክል ነው። እኔ የምለው ዜማውን ወደ መድረክ እናውጣ አይደለም። ዘዴውን እንማር ነው የምለው፦ ቃል ይቅደም፣ ሰውነት ይከተል፣ መሣሪያው በመጨረሻ ይግባ፣ ማንም ድርሻውን ለብቻው አያጥና። ይህ ለቺክቺካ፣ ለጉራጌ ጭፈራ፣ ለጓይላም ይሠራል።

ጊዜው ደግሞ የሚታገሥ አይመስልም። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ በተካሄደው ግንባታ ብዙ ነዋሪ ከአሮጌው ሰፈር ተነሥቶ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዷል። ሰንበት ትምህርት ቤትም ሆነ የሰፈር ጨፋሪ ቡድን የሚቆመው ምሽት ላይ በእግር መጥቶ በሚሰበሰብ ሰው ነው፤ ሰዉ ሲራራቅ መጀመሪያ የሚጎዳው የጋራ ልምምድ ነው። ሕንፃ በፎቶግራፍ ሊቀር ይችላል፤ አብሮ የመምታት ልምድ ግን ሰዎቹ ካልተሰበሰቡ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም።

ስለዚህ ጥሪዬ በስሙ ቅዱስ ያሬድን ለሚያስታውሰው የሙዚቃ ትምህርት ቤትና ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። የአቋቋም መምህራንን እንደ መረጃ ሰጪ ሳይሆን እንደ መምህር ጥሩ፤ የምት ትምህርትን ከእነርሱ ጋር ሆናችሁ ቅረጹ። ስትቀዱም ከበሮውን ለብቻው አትቅዱ፤ ግራና ቀኙን፣ መቋሚያውን፣ ጸናጽሉን፣ የእግሩን እርምጃ፣ የመምህሩን እርማት ጭምር ቅዱ። ለሊቃውንቱም የሥራቸውን ዋጋ ክፈሉ፣ ስማቸውንም በሥራቸው ላይ ጻፉ። ሰንበት ትምህርት ቤቶቹ የዘዴውን ግማሽ አስቀድመው ይዘውታል፤ ከእነርሱ መጀመር ይቻላል።